ከባሕር ዳር ሳልወጣ የፋሽን ሕዝብ ግንኙነት ሥራ መጀመር እችላለሁ?

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። በጋዜጠኝነት ከተመረቅሁ አንድ ዓመት አለፈኝ። የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ሥራ እስካገኝ ብዬ የአንዲት ጎረቤታችንን የሐበሻ ልብስ ሱቅ የቴሌግራም ቻናልና የቲክቶክ ገጽ ያዝሁላት፤ እያደር ነገሩ ልቤን ወሰደው። አሁን የምመኘው ሱቅ መጠበቅን ሳይሆን የፋሽን ሕዝብ ግንኙነትን ነው። የዲዛይነሮችን ሥራ ከጋዜጠኛና ከአንባቢ ጋር ማገናኘት እፈልጋለሁ።

ግራ ያጋባኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ጥምቀት የሱቁን ቀሚስ የለበሰች ልጅ በታንኳ ስትሄድ የቀረጽሁት ቪዲዮ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ታየ። አስተያየት የጻፈው ሰው ሁሉ ግን የሚጠይቀው ስለ ታንኳው ነው፤ ከምን ይሠራል፣ ስንት ሰው ይችላል፣ ይሰምጣል ወይ። አንድም ቀሚስ አልተሸጠም፤ ስለ ቀሚሱ የጠየቀ ጋዜጠኛም የለም። ከየት ልጀምር? አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው? ሌላ ትምህርትስ ያስፈልገኛል? እናቴ ደግሞ «ልብስን የለበሰው ሰው ያስተዋውቀዋል፤ ይህ ምን ሥራ ነው?» እያለች ትሞግተኛለች።

መርፌና ክር

እህቴ፣ ለእናትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ግማሹን እውነት ተናግረዋል። ቀሪው ግማሽ ልብሱን ማን ይልበሰው፣ የት ይልበሰው የሚለው ነው፤ እንጀራችን እሱ ነው።

ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ለልብስ ዲዛይነሮች ሠርቻለሁ። ማስታወቂያ ቦታ ወይም የአየር ሰዓት ይገዛል። የእኛ ሥራ ግን ሌላው ሰው ሳይከፈለው በራሱ አንደበት እንዲናገር ምክንያት መስጠት ነው። ሙያው ባዕድ አገር ሲወለድም እንዲሁ ነበር። ኤሌኖር ላምበርት የምትባል አሜሪካዊት በ1943 እ.ኤ.አ.፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፓሪስን መንገድ በዘጋበት ወቅት፣ ከየከተማው ጋዜጠኞችን ኒው ዮርክ ጠርታ የአገሯን ዲዛይነሮች ልብስ አሳየቻቸው። ዛሬ የፋሽን ሳምንት የምንለው ነገር ከዚያ ወዲህ ነው የተስፋፋው። ያደረገችው ነገር ሲታይ ቀላል ነው፤ የሚጻፍ ነገር ለሚጽፍ ሰው በሚጻፍበት ጊዜ አቀረበች።

የቀን ተቀን ሥራው ግን መድረክና መብራት እንዳይመስልሽ። አብዛኛው ልብስ ማዋስና ልብስ ማስመለስ ነው። በመጀመሪያው ዓመቴ ለአንድ የበዓል ፕሮግራም ሦስት ቀሚስ አዋስሁ። አንዱ ከደረቱ በታች ቡና ፈሶበት ተመለሰ። አቅራቢዋ «ለሜካፕ ባለሙያዋ ሰጥቻለሁ» አለች፣ የሜካፕ ባለሙያዋ «ለሾፌሩ» አለች፣ ሾፌሩ ስልኩን አላነሳም። ማን እንደተረከበ የሚያሳይ አንዲት መስመር ጽሑፍ ስላልነበረኝ የቀሚሱ ዋጋ ከደሞዜ ተቆረጠ። ስለዚህ ከካሜራ በፊት ደብተር ግዢ። የልብሱን ቁጥር፣ ማን እንደወሰደ፣ መቼ እንደወጣና መቼ እንደሚመለስ ጻፊ፤ ሲወጣና ሲገባ በስልክ የተነሳ ፎቶም ይኑርሽ። ጫፉንና ብብቱን ለብቻ አንሺ፤ የሚቆሽሸው እዚያ ነው።

ሌላ ዲግሪ አያስፈልግሽም። ጋዜጠኝነት ያስተማረሽ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ ይበቃል። አንድ ገጽ የማይሞላ ጋዜጣዊ መግለጫ መጻፍ ከቻልሽ ከብዙዎቻችን ትቀድሚያለሽ።

ቦሌ ነኝ

ሐቁን ልንገርሽ፣ አዲስ አበባ ነይ። መጽሔቱ፣ ቴሌቪዥኑና ኤምባሲው እዚህ ነው፤ ሃብ ኦፍ አፍሪካ የፋሽን ሳምንትም የተዘጋጀው እዚሁ ነው። ጣና ዳር ተቀምጦ ዓሣ ከመብላት ሌላ ምን ይሠራል?

የግሽ ዓባይ ሰው

ወንድሜ ቦሌ፣ ዓሣውን አትናቀው።

ልጅቷ ያለችበት ከተማ እኮ የጨርቅ ከተማ ነው። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከስልሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኢቴክስ የምንለው የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ፋሽን ዲዛይን የሚማሩ ልጆች የመመረቂያ ሥራቸውን ሰፍተው የሚጽፍላቸው ሰው የላቸውም። የአማራ ሚዲያ ኮርፖሬሽን (አሚኮ) እዚሁ ነው፤ በኩር ጋዜጣም የሚዘጋጀው እዚሁ ነው። አዲስ አበባ ብትሄድ ከመቶ ሰው ኋላ ትሰለፋለች፤ እዚህ ግን በሩን አንኳኩታ ትገባለች። የቤት ኪራዩን ሳንጨምር ነው።

እህቴ፣ አንድ ተመራቂ ያዢ። ልብሱን ሲስል፣ ሲቆርጥ፣ ሲያበላሽ፣ እንደገና ሲሰፋ ተከታተዪው። ሥራዬ ብለሽ የምታሳዪው የመጀመሪያ ነገር ከዚያ ይወጣል።

መርፌና ክር

በዚህ ከግሽ ዓባዩ ጋር ነኝ። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ከተመራቂው ጋር ያለ ክፍያ ብትሠሪ ሁለታችሁም ድሃ ናችሁና ያስኬዳል፤ በጽሑፍ ግን ይሁን፣ የሚያበቃበትም ቀን ይኑረው። ባለ ሱቅ ግን ይክፈልሽ። «ለጊዜው ስምሽ ይታወቅልሽ» ያለኝ ባለ ሱቅ ከሁለት ዓመት በኋላም ያንኑ ቃል ሲደግምልኝ ነበር።

ፎቶ አንሺ ከጣና ዳር

ወደ ታንኳው እንመለስ፤ ችግሩ እዚያ ነው ያለው። ታንኳ፣ ሐይቅ፣ ፀሐይ መጥለቂያና ቆንጆ ልጅ ባንድ ላይ ካሉ ቀሚሱን ማን ያየዋል? ቪዲዮውን ከጥለቱ ጀምሪው። ጣት ጥለቱን ሲዳስስ፣ ቀጥሎ የቀሚሱ ጫፍ ሲወዛወዝ፣ ታንኳው በመጨረሻ። ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴኮንዶች ያየውን ነው የሚጠይቀው። ለቲክቶክ ስልኩን አቁመሽ በ1080 በ1920 ቅረጪ፤ ለጋዜጣ ደግሞ ያንኑ በፎቶ አግድም ድገሚው።

ነጭ ሸማ በስልክ ማንሳት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እኩለ ቀን ላይ ካነሳሽው ጨርቁ እንደ ወረቀት ባዶ ይሆናል፤ ክሩ አይታይም። ስክሪኑ ላይ ጨርቁን ነክተሽ ብርሃኑን ቀንሺው፤ የልጅቷ ፊት ትንሽ ቢጠቁርም ኋላ ይስተካከላል፣ የጠፋ ክር ግን አይመለስም። ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ብርሃኑ ለስላሳ ነው፤ ሐይቁም ገና አልተነሳም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ነጠላውን ፊቷ ላይ ይጠመጥመዋል፤ አንድ ጊዜ ጨርሶ ወስዶብን በጀልባ አሳድደነዋል።

ገዳማቱን ግን እንደ ጀርባ መጋረጃ አትቁጠሪያቸው። ዜጌ ሄደሽ በዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቢ ሞዴል ከማቆምሽ በፊት አባቶችን አስፈቅጂ፤ እንቢ ካሉ የቡናው ጫካ ይበቃሻል። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባ እሱን ከነአሳብሽ ተዪው።

ለጋዜጠኛ ፎቶ ስትልኪ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ አትላኪ፤ ያሳንሰዋል፣ ለኅትመት አይሆንም። እንደ ፋይል ላኪው።

የሕግ ተማሪ

የፎቶ ነገር ከተነሳ ዘንድ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል። ለየት ያሉ ሁኔታዎች ቢኖሩም ለልብስ ማስተዋወቂያ በእነሱ አትመኪ። ከሞዴሏ፣ ከታንኳ ቀዛፊው፣ ከሸማኔውም አጭር የፈቃድ ወረቀት አስፈርሚ። ማንበብ ለማይችል አንብበሽለት፣ እማኝ ባለበት ይሁን።

የሸማኔ ልጅ

እኔ የምናገረው ስለ ጨርቁ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ገጽ ላይ «በእጅ ጥልፍ ያሸበረቀ» የሚል አነበብሁ፤ ፎቶው ላይ ያለው ጥለት ነው! ጥለት ሸማው ሲሸመን አብሮ ይወጣል፤ ጥልፍ ሸማው ካለቀ በኋላ በመርፌ ወይም በማሽን ይጠለፋል። አባቴ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ስንት ቀን የቆጠረውን ክር «ጥልፍ» ብለሽ ከጻፍሽበት ሁለተኛ ቡና አያፈላልሽም። ነጠላና ጋቢንም የሚያምታቱ አሉ፤ ነጠላ ሁለት እጥፍ ነው፣ ጋቢ አራት።

ሌላው «በእጅ የተፈተለ» የሚባለው ነው። ብዙ ጊዜ ድሩ (በቁመት የሚወጠረው) የፋብሪካ ክር፣ ማጉ (በአግድም የሚገባው) የእንዝርት ፈትል ነው። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ሁሉም በእጅ ተፈትሏል ብሎ ማውራቱ ነው። ውጭ አገር ያለች ገዢ አንድ ቀን ክሩን ፈትታ ታየዋለች።

ሱቅ ያላት

እኔ ደግሞ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚባለው ያንገበግበኛል። ዋጋ ጻፉ! አርባ ሰው ስንት ነው ብሎ ይጠይቃል፣ ሠላሳ ስምንቱ ሲነገረው ዝም ይላል፣ እኔ ደግሞ ልጄን ሳላጠባ ስመልስ እውላለሁ። ኢንተርኔት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት ደግሞ ያተረፈኝ የደንበኞቼን ስልክ ቁጥር በደብተር መያዜ ነው። ተከታይ ብዙ ነበረኝ፤ ገጹ ሲዘጋ ግን ማንን ልጥራ?

መርፌና ክር

ትክክል ብለሻል። ጋዜጠኞቹንም በደብተር መያዝ ነው፤ ማን ስለ ባህል ይጽፋል፣ ማን ስለ ንግድ፣ ማን በስልክ ማውራት ይወዳል። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት ከላክሽ ማንም አያነበውም።

ጊዜውን ደግሞ ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሪ። የእንቁጣጣሽን ጳጉሜን ላይ ብትልኪ ሰሚ የለም፤ ሐምሌ ላይ ጨርሺ። የጥር ሠርግ ወሬ ኅዳር ላይ ይላካል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሠርግ ስለሌለ ፎቶ አንሺና ሞዴል በቀላሉ ታገኛለሽ፤ ሸማኔው ግን የዳግማ ትንሣኤን ትእዛዝ ለማድረስ ሲሯሯጥ ነውና ደጁን አታጣብቢ። የውጭ የኅትመት መጽሔት ከሆነ ወራት ቀድሞ ነው የሚዘጋጀው።

ከውጭ ሰው ጋር ስትጻጻፊ ቀኑን በእነሱ አቆጣጠር፣ ሰዓቱንም በሁለቱም ጻፊ። አንዲት አዘጋጅ «በ9 ሰዓት እደውላለሁ» ብላኝ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኩዬ ስጠብቅ፣ እሷ ለካ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደውላ ተስፋ ቆርጣለች።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እትዬ መርፌና ክር፣ ደብተሩን ገዛሁ። እስቲ ይህን እዩልኝ፦

«የጥንታዊ ባህላችን መገለጫ የሆነው፣ በእጅ የተፈተለውና በውብ ጥልፍ ያሸበረቀው ቀሚስ ለሙሽሮች ቀረበ።»

የሸማኔ ልጅ

ጥልፍ አልሽ እንደገና! ማን ሸመነው? ስንት ቀን ፈጀ? ድሩስ? «የጥንታዊ ባህላችን መገለጫ» የሚለውን አውጪው፤ ለምጣድም ለመሰንቆም ይሆናል።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

አፍሬ ሄድሁ። ሸማኔው ከሱቁ ሩቅ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ጊዜ ልብሱን ስሸጥ አንድ ቀን ደጁን ረግጬ አላውቅም። ጉድጓዱ አጠገብ በርጩማ ሰጥቶኝ መወርወሪያውን ሲወረውር ከጠዋት እስከ ምሳ አየሁት። አንዴ ክር ሲበጠስ ጥለቱን ሳይቀጥል ሦስት ጣት ያህል ወደ ኋላ ፈታው። ለምን ብዬ ብጠይቀው «እኔ አውቀዋለሁ» አለኝ። ድሩ የፋብሪካ ነው፤ ማጉን የፈተሉት ሚስቱ ናቸው። ስሜ ይጻፍ፣ ፎቶዬ ግን አይውጣ ስላለ እጁን ብቻ አንስቻለሁ፤ ፈርሟል። እንዲህ አደረግሁት፦

«ይህን ቀሚስ ባሕር ዳር ውስጥ አንድ ሸማኔ በዐሥራ አንድ ቀን ሸመነው። ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉን ሚስቱ በእንዝርት ፈትለውታል። ጥለቱ ሦስት ቀለም አለው፤ ክር ሲበጠስበት ሸማኔው ፈትቶ እንደገና ይጀምራል።»

ለጋዜጣው ስልከው ስሙን እጨምራለሁ።

መርፌና ክር

ላኪው። ዋጋውንና ስልክ ቁጥሩን ከታች አስገቢ፤ «ፈትቶ እንደገና ይጀምራል» የሚለውን ደግሞ ወደ መጀመሪያው አምጪው።

የሸማኔ ልጅ

አሁን አባቴ ቡና ያፈላልሻል።

የሽምብጥ ልጅ (ጠያቂ)

ልኬዋለሁ፣ ፎቶዎቹንም እንደ ፋይል። ቀሚሱ ለቀረጻ ወጥቷል፤ ደብተሬ ላይ ቁጥር 1 ሆኖ ሰፍሯል። እናቴ ደብተሩን ገልብጣ አይታ፣ ለጎረቤት ያዋሰችው ወንፊት በቁጥር 2 እንዲመዘገብላት ጠይቃኛለች።