ክርክር፦ የ11 ዓመት ልጅ በጌም ገዳይ ይፈልግ?

የሁለት ልጆች እናት፦
ትልቁ ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሰሞኑን አንድ የኮምፒውተር ጌም ይዟል። የተደበቀ ዕቃ እየፈለጉ ገዳዩን ማግኘት ነው። የተዝረከረከ ክፍል ይመጣል፣ ከታች ዝርዝር አለ፦ መቀስ፣ ቢራቢሮ፣ ቁልፍ፣ መነጽር። ዐይኑን አፍጥጦ ይፈልጋል። እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ችግሩ ምንጣፉ ላይ አንድ ሰውዬ ተዘርግቷል፤ ተገድሎ። ልጄ ሬሳውን በዐይኑ አልፎ ክንዱ ሥር ያለችውን ቢራቢሮ ጠቅ ያደርጋል። «አገኘኋት!» ይላል። እኔ ደግሞ ሆዴ ተረበሸ። ልከልክለው ወይስ እያካበድኩ ነው?

የማታ ተጫዋች፦
እህቴ፣ እያካበድሽ ነው። ግድያ እንቆቅልሽ የሆነው ዛሬ አይደለም። ክሉዶ የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ማን ገደለ፣ በምን፣ የትኛው ክፍል ውስጥ? ቤተሰብ ጠረጴዛ ከቦ ሲጫወተው ኖሯል። በኮምፒውተርም ቢሆን በ1980 የወጣው ሚስትሪ ሃውስ ሰዎች በየተራ የሚገደሉበት ቤት ነበር። እነዚያን የተጫወቱ ልጆች ዛሬ አያት ሆነዋል። ማንንም አልገደሉም።

መምህሯ፦
ክሉዶ ላይ ያለው ካርድ ነው፣ ደም የለም። አንድ አይደሉም። ለማንኛውም የዕድሜ ምድቡን እዩት። አሜሪካኖቹ የጌም ዕድሜ ምድብ የሚያወጣውን ኢኤስአርቢን ያቋቋሙት በ1994 ነው። የአውሮፓው ፔጊ በ2003 መጣ፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16፣ 18 እያለ ይመድባል። ይኼ ቁጥር ለጌጥ አልተለጠፈም።

የሁለት ልጆች እናት፦
አይቼዋለሁ፣ 12 ይላል። የእኔ ልጅ 12 ሊሞላው ሦስት ወር ቀርቶታል። በሦስት ወር ውስጥ ሬሳው ምን ሊሆን ነው?

ዝምተኛው፦
በሕግ መታገድ ነው ያለበት። ለልጅ እንዳይሸጥ፣ አለቀ።

ጠበቃው፦
ተሞክሯል ወንድሜ። ካሊፎርኒያ ጭካኔ ያለባቸው ጌሞች ለልጆች እንዳይሸጡ ሕግ አውጥታ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011፣ በ7 ለ2 የዳኞች ድምፅ ጣለው። ጌምም እንደ መጽሐፍ ሐሳብን መግለጫ ነው አለ።

ግን እኔ በሬሳው አልጣላም። የወንጀል ጉዳይ ስይዝ ኖሬያለሁ፣ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ይኼን ክርክር ሳይ አንዱን ጌም ጭኜ ቅዳሜን ሙሉ ተቀመጥኩበት። (ባለቤቴ «ሥራ ነው» ስላት አላመነችኝም።) አምስት ተጠርጣሪዎች አሉ። ጃንጥላ አገኘሁ፣ የፈረስ ጫማ አገኘሁ፣ ሦስት ሎሚ አገኘሁ። ጃንጥላው ከግድያው ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ዝርዝሩ ሲያልቅ ጌሙ ራሱ «ገዳዩ ግራኝ ነው» አለኝ። እኔ ምን አሰብኩ? ሎሚ ስለቀምኩ ማስረጃ ተሰጠኝ።

መጨረሻ ላይ አምስቱም ፎቶ ተደረደሩ። ሆን ብዬ ባልቴቷን ወነጀልኩ። በቀኝ እጇ ስትጽፍ በዐይኔ አይቻታለሁ! «ተሳስተዋል፣ እንደገና ይሞክሩ» ብሎ መለሰኝ። ይኼው ነው። ባልቴቷን ማንም ይቅርታ አልጠየቃትም፣ እኔንም ማንም አልጠየቀኝም። ቀጥሎ አትክልተኛውን ነካሁ፣ ርችት ተተኮሰ። እውነተኛው ዓለም ላይ «እንደገና ይሞክሩ» የሰው ዕድሜ ይበላል። ልጁ ገዳይ መሆን አይማርም፤ በቀላሉ መወንጀልን ግን ሊማር ይችላል።

የማታ ተጫዋች፦
ጠበቃዬ፣ ጌም ነው እንጂ ችሎት አይደለም። ሰው ከሥራ ደክሞ ገብቶ መቀስ ይፈልጋል፣ ያገኛል፣ ይተኛል። ይኼ ደስታ ይብዛበት?

ኮድ ጻፊው፦
እኔ ጌም እሠራለሁ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። እንደዚህ ዓይነቱን ጌም በሰፊው ያስተዋወቀው በ2005 የወጣው ሚስትሪ ኬዝ ፋይልስ፦ ሃንትስቪል ነው። የጨዋታው አጥንት ዕቃ መፈለጉ ነው፤ ግድያው መጠቅለያ ነው። አንድ ክፍል በደንብ ከተሣለ ዝርዝሩን ብቻ እየቀያየርክ ደጋግመህ ታስገባበታለህ። ወጪ ይቀንሳል።

ጠበቃው የሚለው ግን ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። በ2018 በወጣው ሪተርን ኦፍ ዘ ኦብራ ዲን በሚባለው ጌም መርከብ ላይ የነበሩ 60 ሰዎች ማን እንደሆኑና ምን እንደደረሰባቸው ታጣራለህ። ጌሙ ልክ ነህ የሚልህ የሦስት ሰዎች ዕጣ በትክክል ሲሞላ ነው። በግምት ብትነካካ ብዙ አትራመድም። እዚያ በእርግጥም መርማሪ ነህ።

አሁን የምፈራውን ልንገራችሁ። በ2012 ፌስቡክ ላይ ክሪሚናል ኬዝ የሚባል ጌም መጣ። ትዕይንት በገባህ ቁጥር ጌሙ ከሰጠህ የመጫወቻ ጉልበት ይቀነስብሃል። የላቦራቶሪ ውጤት በእውነተኛ ሰዓት ያስጠብቅሃል፤ መጠበቅ ካልቻልክ ትከፍላለህ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ተከትለውታል። እናት፣ የልጅሽ ጌም እንዲህ ነው?

የሁለት ልጆች እናት፦
ወይኔ! ትናንት ገና ሳይነጋ ኮቴ ሰምቼ ተነሳሁ። ልጄ በጨለማ ስክሪኑ ፊት ተቀምጧል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «እማዬ፣ የአስከሬን ምርመራው ደርሷል» አለኝ።

መምህሯ፦
ይኼ ከሬሳው ይብሳል። አሁን እኔም ሐሳቤን ቀየርኩ። ክፍያውን ዝጊ፣ ማሳወቂያውን አጥፊ፣ አብረሽው ተጫወቺ።

የሁለት ልጆች እናት፦
ዛሬ አብሬው ተቀመጥኩ። መቀሱን ቀድሜው አገኘሁት፣ ተናደደ። «ገዳዩ ማን ይመስልሃል?» አልኩት። «አትክልተኛው» አለ። «ለምን?» «ፊቱ ያስጠላል።»

ጠበቃው፦
አላልኩም?

የማታ ተጫዋች፦
ቆይ፣ እሱ ነበር እንዴ?

የሁለት ልጆች እናት፦
እኔ እንጃ። ላቦራቶሪው ስምንት ሰዓት ጠብቁ ብሎናል።