«ሰዓቱ ይናገራል» ይባላል፤ ለማን ነው የሚናገረው?

800ሜ፦
«አሜሪካ ኮሌጅ ገብታችሁ መሮጥ ከፈለጋችሁ ሶሻል ሚዲያችሁን ጠቅላላ አጥፉ፤ ሰዓቱ ይናገራል» የሚል ምክር ሰሞኑን በየቴሌግራም ግሩፑ እየዞረ ነው። ልጆቹም ሰምተው አካውንታቸውን እየዘጉ ነው። እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ። ውጤቱ ወረቀት ላይ ተለጥፎ የቀረ ውድድር ከሆነ፣ ባሕር ማዶ ያለው አሰልጣኝ ሰዓቱን ከየት አግኝቶ ያነበዋል?

ጋሽ አሰልጣኝ፦
ምክሩን እደግፋለሁ። በ2014 እ.ኤ.አ. የፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ረዳት አሰልጣኝ ኸርብ ሃንድ አንድ ተመልማይ በሶሻል ሚዲያ አያያዙ ምክንያት እንደተወ ራሱ ትዊተር ላይ ጽፏል። በ2017 ሃርቫርድ ቢያንስ አሥር ልጆችን ከተቀበላቸው በኋላ፣ በፌስቡክ ግሩፕ በተለዋወጡት ነገር ሰርዟቸዋል። የ16 ዓመት ልጅ ማታ ተናዶ የጻፈውን ጠዋት መመለስ አይችልም። ጎበዝ ከሆነ ሰዓቱ ይናገራል፣ አለቀ።

800ሜ፦
ጋሼ፣ የጠቀሷቸው ሁሉ የተቀጡት በለጠፉት ነገር ነው እንጂ ገጽ ስላላቸው አይደለም።

ወደ «ሰዓቱ ይናገራል» ልመለስ። «5,000 በ14፡10» ብሎ የጻፈ ልጅ ምን ተናገረ? ትራክ ነው ጎዳና? በእጅ ተይዞ ነው በኤሌክትሮኒክ? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ወይስ ባሕር ጠለል ላይ? የጎዳና 5 ኪሎ ሜትርና የትራክ 5,000 ለአሰልጣኝ አንድ አይደሉም። ከፍታ ረጅም ርቀት ሯጭን ያዘገያል፤ ካልተጻፈ ግሩም ሰዓት ተራ መስሎ ይታለፋል። ይህን ሁሉ ገጹ አናት ላይ ፒን የተደረገ አንድ ፖስት ይመልሰዋል። ሰዓቱ እንዲናገር አፍ ያስፈልገዋል።

ወረቀት አዋቂ፦
ከአገር ቤት ለሚሄድ ልጅ «አጥፉ» ማለት ሌላም ጣጣ አለው። የቪዛው ፎርም ዲኤስ-160 ባለፉት 5 ዓመታት የተጠቀማችሁበትን አካውንት ይጠይቃል። ዛሬ ብታጠፉትም መጻፍ አለባችሁ፤ ከዘለላችሁት የሐሰት መረጃ ሰጣችሁ ማለት ነው። ከጁን 2025 ጀምሮ ደግሞ የኤፍ፣ የኤምና የጄ (የተማሪና የልውውጥ) ቪዛ አመልካቾች ፕሮፋይላቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ይነገራቸዋል። አይ-20 (ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጠውን ወረቀት) ይዞ ኢንተርቪው የቀረበ ልጅ ያስመዘገባቸው አካውንቶች በሙሉ ባለፈው ሳምንት ጠፍተው ቢገኙ ምን ያስመስልበታል?

ጋሽ አሰልጣኝ፦
እንግዲያው መጀመሪያውኑ አይክፈት።

ወረቀት አዋቂ፦
ልጆቹ እኮ በ13 ዓመታቸው ከፍተዋል፣ ጋሼ። ያለው ሥራ ማጽዳት ነው። ስማችሁን በአማርኛም በላቲን ፊደልም፣ በየአጻጻፉ ፈልጉ። ፌስቡክ ላይ የእንቅስቃሴ መዝገቡን ክፈቱና የድሮውን በጅምላ ወደ መጣያ ላኩት፤ እዚያ 30 ቀን ይቆያል፣ ስለዚህ ለነገ ማመልከቻ ዛሬ ማታ አትጀምሩ። ሰው የሚረሳው ራሱ የጻፈውን ሳይሆን ሪፖስቱን ነው። ቲክቶክ ላይ ሪፖስት ያደረጋችሁት ፕሮፋይላችሁ ላይ ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ኤክስ (የድሮው ትዊተር) ላይ ላይክ ከጁን 2024 ወዲህ ከፖስቱ ባለቤት በቀር ለሌላ ሰው አይታይም፣ ሪፖስት ግን ይታያል። ጓደኛ ታግ ሲያደርጋችሁ ሳትፈቅዱ እንዳይወጣ ሴቲንጉን ቀይሩ።

ዳር ተመልካች፦
በአማርኛ የተጻፈ የብሔር ስድብስ? ማን ያነበዋል?

የልጆች እናት፦
መተርጎሚያው አንድ ነካ ማድረግ ነው። ደግሞ ቡድኑ ውስጥ አማርኛ የሚያነብ ሯጭ ካለስ? አሰልጣኝ የሚፈራው ስድቡን ብቻ አይደለም፣ መልበሻ ክፍሉ እንዳይከፋፈል ጭምር ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ልበል፦ የአካውንቱን ፓስወርድ ወላጅ ይያዝ፣ ለአሰልጣኞችም ወላጅ ይጻፍ።

800ሜ፦
ፓስወርዱን ይያዙ፣ እስማማለሁ። መልእክቱን ግን ልጁ ይጻፍ። አሰልጣኙ አራት ዓመት አብሮት የሚውለው ከልጁ ጋር ነው። ወላጅ የጻፈው ደብዳቤ ልጁ ስልክ ሲያነሳ ወዲያው ይታወቃል፤ ደብዳቤው ላይ የምረቃ ዓመቱን የሚያውቅ፣ ውጤቱን በልኩ የሚናገር የነበረው ልጅ ስልኩ ላይ ቃል ይጠፋበታል።

የልጆች እናት፦
እንግሊዝኛው ላልጠነከረ ልጅ ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ስህተቱን ማረም ነውር አይደለም።

800ሜ፦
ማረምና መጻፍ ይለያያል፣ እህቴ።

ጋሽ አሰልጣኝ፦
እሺ ጻፈ እንበል፤ መልስ አይመጣም። ልጁ በየቀኑ ስልኩን እያየ ልምምዱ ይበላሻል። አንዱ አሰልጣኝ «ላይክ» ካደረገለት ደግሞ ስኮላርሺፕ አገኘሁ ብሎ ያወራል።

ወረቀት አዋቂ፦
መልስ የማይመጣበትን ምክንያት ንገሯቸዋ! የዲቪዥን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው እርከን) አሰልጣኝ በትራክና በአገር አቋራጭ ከአሥረኛ ክፍል ማብቂያ በኋላ ካለው ጁን 15 በፊት የግል መልስ እንዲሰጥ የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር) ደንብ አይፈቅድለትም። ዝምታው እምቢታ አይደለም። ላይክም ቢሆን ከ2016 ጀምሮ የተፈቀደ ነው፤ ልጁ ሳይፈርም በአደባባይ ኮመንት መጻፍ ግን አይችልም። ላይክ ማለት ገጽህን አይቻለሁ ነው፣ ሌላ ነገር ቃል አልተገባም።

ዳር ተመልካች፦
በዲኤም (በግል መልእክት) «ስኮላርሺፕ አለኝ፣ የመመዝገቢያ ብር ላክ» የሚሉትስ?

ወረቀት አዋቂ፦
ብር የጠየቀ አሰልጣኝ አሰልጣኝ አይደለም። ስሙን በዩኒቨርሲቲው የስፖርት ገጽ የሠራተኞች ዝርዝር ላይ ፈልጉ፣ እዚያ ባለው ኢሜይል ራሳችሁ ጻፉለት። ዲኤም ላይ የሰጣችሁን አድራሻ አትጠቀሙ።

ጋሽ አሰልጣኝ፦
ይኸው! ገጽ ባይኖር ሌባው ከየት ያገኘው ነበር? በ13፡20 የሚሮጥን ልጅ አሰልጣኙ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል።

800ሜ፦
በ13፡20 ለሚሮጠውማ ማን ይጨነቃል፣ ጋሼ? ችግሩ ያለው ተመሳሳይ ሰዓት ይዘው ለአንድ ቦታ የሚፎካከሩት ጋ ነው። በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀውን የኮሌጅ ስፖርተኞች ክፍያ ስምምነት የተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች በአንድ ቡድን ትራክ ላይ 45፣ አገር አቋራጭ ላይ 17 ስፖርተኛ ብቻ የሚል ጣሪያ አለባቸው። ቦታው ጠቧል። ሁለት እኩል ልጆች ቢቀርቡ፣ አሰልጣኙ የመጨረሻውን 400 ሜትር ሳይቆራረጥ ያየለትን ይመርጣል። ቪዲዮው ከጎን ይቀረጽ፣ ሙዚቃ አይግባበት፣ ዙር ሲጨርስ ሰዓቱ ይታይ፤ እግሩ ሲደክም ትከሻው ምን እንደሚሆን ነው የሚፈለገው።

የልጆች እናት፦
የፒን ፖስቱን ናሙና ጻፍልን።

800ሜ፦
«800 ሜ፣ 1፡51.4 በእጅ፣ ትራክ፣ አዲስ አበባ 2,350 ሜ ከፍታ፣ የውድድሩ ስምና ቀን። የምረቃ ዓመት 2027። የትምህርት አማካይ ውጤት። የቪዲዮ ሊንክ። ኢሜይል።» ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ አይጻፍ።

ጋሽ አሰልጣኝ፦
«በእጅ» ብሎ ራሱን የሚያሳንሰው ለምንድነው? ሰዓቱ 1፡51 ነው፣ ይጻፈው።

800ሜ፦
አሰልጣኙ የውጤቱን ወረቀት ሲያይ ያውቀዋላ። ያኔ የሚጠረጥረው አንዱን ሰዓት ብቻ አይደለም፣ ሌሎቹንም ነው።

ጋሽ አሰልጣኝ፦
የእኛ አገር ሰዓት ያዦች የታመኑ ናቸው። ይህን እንደ ነውር አታቅርቡት።

800ሜ፦
ስለ ሰዓት ያዦቹ ማን ተናገረ፣ ጋሼ?