በሁዳዴ ሩጫንና ምግብን እንዴት ታስማማላችሁ?

ጥያቄ፦ የጃንሜዳ ሯጭ

ከልጅነቴ ጀምሮ የምሮጠው ለሜዳሊያ ሳይሆን ለደስታዬ ነው። ጎሕ ሲቀድ ጃንሜዳን እዞራለሁ፣ ቅዳሜ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ፣ የታላቁን ሩጫ 10 ኪሎ ሜትርም ከሕዝቡ ጋር እየጨፈርሁ እጨርሳለሁ። የመሮጤን ያህል መብላትም ስለምወድ፣ በቅቤና በበርበሬ የራሰ ጨጨብሳ ከሌለ ሩጫው ጎደሎ ይሆንብኛል። በሁዳዴ 55 ቀናት ግን እስከ 9 ሰዓት እህል ውኃ ስለማልቀምስ፣ ጠዋት ከሮጥሁ ጉሮሮዬ ደርቆ ራሴን ሲያመኝ ይውላል። ሩጫውን ማቆም አልሻም፤ እየጾማችሁ የምትሮጡ ሰዎች መቼ ትሮጣላችሁ? ከዚያስ ምን ትመገባላችሁ?

ምላሽ፦ ሱፍ ፍትፍት

ወንድሜ፣ የሚያምዎት ከረሃቡ ይልቅ ጥማቱ ይመስለኛል። መጋቢትና ሚያዝያ በአዲስ አበባ ሙቀት የሚያይልባቸው ወራት ናቸው፤ ከተማዋም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች፣ በደረቁ አየር በትንፋሽ ብቻ የሚወጣው ውኃ ቀላል አይደለም። እኔ 9 ሰዓት ላይ ውኃ በዝግታ እጠጣና በጨው የተበጠበጠ በሶ አስከትላለሁ። የተቆላ ገብስ ስለሆነ ሆድ ሳይከብድ ጉልበት ይሰጣል። 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሰው ጋር እያወራሁ ልሮጥ በምችልበት ፍጥነት እሮጣለሁ፤ ሽሮው፣ ምስሩና ሱፍ ፍትፍቱ ለማታ ይቆያሉ።

ምላሽ፦ የድሬ ልጅ

እኛ በረመዳን የምንሮጥ ሰዎች የተለመደው መፍትሔያችን መግሪብ ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ቀስ ብሎ መሮጥ ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ ውኃና ቴምር ይደርሳል። እርስዎም 8 ሰዓት ተኩል ላይ ሊሞክሩት ይችላሉ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ የሌለበት ሰው ዕድለኛ ነውና። ሳምቡሳውን ግን ከሾርባው በኋላ ያድርጉት።

ምላሽ፦ የእንጦጦ ዳገት

ሁለቱም ሐሳቦች ጥሩ ናቸው፤ እኔ ቢሮ ስለምውል የመጀመሪያው ይቀለኛል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሥጋ በማይበላበት በዚህ ጊዜ ብረት የምናገኘው በአብዛኛው ከጤፍና ከጥራጥሬ ነው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ደግሞ ሰውነት ብረቱን እንዳይወስድ ያግዳል። ስለዚህ ቡናው ከማዕዱ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢዘገይ፣ በምስሩ ላይ ግን ሎሚ ቢጨመቅበት ይጠቅማል። (ቡናው እንዲዘገይ ቤተሰብን ማሳመን ከዳገቱ ይከብዳል።) በሰሞነ ሕማማት ሩጫውን ሙሉ በሙሉ አቆማለሁ፤ ቀኑን ሙሉ የሰገደ ሰው ጭኑ እንዴት እንደሚተሳሰር የሞከረው ያውቀዋል።