ማንዳሪን ዓሣዬ አልበላ አለችኝ

የጨው ውሃ ዓሣ የምታረቡ ወገኖች፣ እባካችሁ ምክራችሁን። ዱባይ በምኖርበት ቤት 120 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ማንዳሪን ዓሣ ገዛሁ፤ ሰማያዊና ብርቱካናማ መስመሯ ጥለት ይመስላል። ሻጩ «ሁሉን ትበላለች» አለኝ፤ እኔም ሞኙ አመንኩት። ደረቁን ምግብ ዞር ብላም አታየው። ከማቀዝቀዣ ያወጣሁትን አርቴሚያ (ለዓሣ ምግብ የሚሆን ጥቃቅን ሽሪምፕ) በጠብታ መስጫ አፏ ሥር ባደርስላትም ትታው ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ድንጋዩን ስትለቅም ትውላለች፤ ኮፔፖድ የሚባሉትን ነቁጥ የሚያህሉ ፍጥረታት ፍለጋ ነው፤ እነሱ ግን ያለቁ ይመስለኛል። ሆዷ ወደ ውስጥ ገብቷል። የውሃው ሙቀት 26 ዲግሪ፣ የጨዋማነቱ ልኬት 1.025 ነው፤ ሌሎቹ ዓሦች ደህና ናቸው። ሕያው ኮፔፖድ ገዝቼ ብጨምር ይበቃታል ወይስ ለብቻዋ አውጥቼ ምግብ ላለማምዳት? ወይስ ትልቅ ገንዳ ላለው ሰው ልስጣት?