ክርክር፦ የመምህሩን ኑሮ የሚያከብደው ደመወዙ ብቻ ነው?

መነሻ ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ደረጃ መምህራንን የሥራ ሕይወት እንደ ፊንላንድ ካሉ ሌሎች አገሮች ጋር ስናወዳድር ከደመወዝ ሌላ ምን እንይ? ከአዲስ አበባ ዳር ያላችሁ ተናገሩ።

ወላጅ፣ አራብሳ፦ ማወዳደሩ አይጠቅምም። ፊንላንድ ሀብታም ናት። የመምህሩን ግማሽ ደመወዝ የኮንዶሚኒየም ኪራይ ሲበላው ስለ ሌላ ነገር ማውራት ቅንጦት ነው። ደመወዙ ይጨመር፤ የቀረው ይደርሳል።

መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ፦ ኪራዩን ለእኔ አይንገሩኝ፤ በየወሩ የምከፍለው እኔ ነኝ። ነገር ግን ሀብት ብቻውን ቢበቃ ጃፓንን ማን ይችላት ነበር? እ.ኤ.አ. በ2018 በተደረገው የኦኢሲዲ (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት) ጥናት የጃፓን የመጀመሪያ ደረጃ መምህራን በሳምንት 54 ሰዓት ያህል እንደሚሠሩ ተናግረዋል። የትርፍ ሰዓት ክፍያቸውንም እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣ ሕግ በ4 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተክቶት ኖሯል። በደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. በ2023 አንዲት ወጣት የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሕይወቷ ካለፈ በኋላ መምህራን ከወላጆች ጫና ጠብቁን ብለው በብዙ ሺህ አደባባይ ወጥተዋል። እነዚህ ድሆች ናቸው?

እኔን የሚያደክመኝ ማስተማሩ አይደለም። ከስልሳ በላይ ልጆችን በተከታታይ ምዘና እየመዘንኩ፣ ለእያንዳንዱ ውጤት እየሞላሁ፣ በሴሚስተሩ መጨረሻ ሮስተር፣ ማለትም የክፍሉን የውጤት ማጠቃለያ ሰንጠረዥ፣ ይዤ ማደሬ ነው። መምህሩ የሙያ ማሻሻያ ሥራውን በወረቀት የሚያደራጅበት ማኅደርም አለ፤ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ የሚታየው እሱ ነው፤ ልጁ ማንበብ መቻሉን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ፊንላንድ የትምህርት ቤት ኢንስፔክሽንን (የመንግሥት ቁጥጥርን) ያስቀረችው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ መጽሐፉንም መምህሩ ይመርጣል።

ጡረተኛ ርእሰ መምህር፣ ኮየ ፈጬ፦ ልጄ፣ ታሪኩን ከመሃል ጀመርሽው። ፊንላንዶች ቁጥጥሩን ከማንሳታቸው በፊት፣ ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ፣ የክፍል መምህሩ ሁለተኛ ዲግሪ እንዲኖረው አድርገዋል። እኛ መጨረሻቸውን ብቻ ብንወስድ መምህር የማይገባበት ክፍል እናበዛለን። እኔ በሥራ ዘመኔ አይቼዋለሁ። ይልቅ ከኬንያ ጋር አወዳድሩን። እ.ኤ.አ. በ2003 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ነፃ ስታደርግ ክፍሎቿ ሞልተው ፈሰሱ፤ እኛም ከ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ በኋላ ያየነው ይኸንኑ ነው። መቀመጫውና መምህሩ ከልጁ ቁጥር ጋር እኩል አልሮጡም።

መምህርት፣ ቱሉ ዲምቱ፦ በሥልጠናው እስማማለሁ፣ ጋሼ። ግን የአገራችን የትምህርት መለኪያ ራሱ ለአንድ መምህር 50 ተማሪ ይላል። ለሚፈጸመው ማኅደር ቁጥጥር አለ፤ ለማይፈጸመው 50 ተቆጣጣሪው የት አለ?

የግል ትምህርት ቤት መምህር፣ ጀሞ፦ በእኛ ዘንድ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ያነሱ ናቸው፤ ክረምት ላይ ግን ውል የሚታደስልን በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ዋስትና የሚባለውንም ከመለኪያው አታውጡት።

ወላጅ፣ አራብሳ፦ የክፍሉን ቁጥር በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ አነሳለሁ። በኢንስፔክሽኑ ግን ከርእሰ መምህሩ ጋር ነኝ፤ ደመወዙንም አልተውኩም።