ለማስጠናት በሰዓት ስንት ልበል?

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ

ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። እዚህ ቀን ቀን ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። ሰሞኑን የማውቃቸው ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን እንዳስጠናላቸው ጠየቁኝ። አንደኛዋ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፣ አልጀብራ ከብዷታል። የሌላው ቤት ልጆች ደግሞ እዚሁ የተወለዱ ናቸው፤ አማርኛ ማንበብ እንዲችሉ ነው የሚፈለገው። "ስንት ታስከፍዪናለሽ?" ሲሉኝ አፌ ተሳሰረ። "እንደተመቻችሁ" ብዬ ወጣሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ቆጨኝ። እናንተ ብትሆኑ ስንት ትላላችሁ?

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔም ከ20 ዓመት በላይ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እዚህ አገር ማስጠናት ስጀምር የመለስኩት መልስ ያንኑ ያንቺን ነበር። "የሰጣችሁኝን" አልኩ። በሰዓት 15 ዶላር ሰጡኝ። ዓመት ከመንፈቅ በዚያው ቀጠልኩ። ቤተሰቡ አልበደለኝም። ዋጋ አልነገርኳቸውም፣ እነሱም ተገቢ የመሰላቸውን ከፈሉ። ስለዚህ ዛሬውኑ ደውዪና "ዋጋውን እስከ እሑድ አሳውቃችኋለሁ" በያቸው። ከመጀመሩ በፊት በተነገረ ዋጋ የሚቀየም ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። በሦስተኛው ወር ላይ ሲነገር ግን ፊት ይለዋወጣል።

ከዚያ ወረቀት አውጪና ሰዓትሽን ቁጠሪ። የእኔን ልንገርሽ። ተማሪዬ ቤት ለመድረስ 25 ደቂቃ እነዳለሁ። ለመመለስም ያው ነው። ጥያቄ ሳዘጋጅና ያለፈውን የቤት ሥራ ሳይ ደግሞ 20 ደቂቃ ይሄዳል። "አንድ ሰዓት" የምንለው እንግዲህ ሁለት ሰዓት ከ10 ደቂቃ ሆነ። መንገዱ ደርሶ መልስ 24 ማይል ነው። አይ አር ኤስ (የአሜሪካ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት) በ2025 ለሥራ ለሚነዳ መኪና ያወጣው ሒሳብ በማይል 70 ሳንቲም ነበር። ጋዙ፣ ጎማው፣ ዘይቱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የመኪናው ማርጀት ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። 24 ማይል በ70 ሳንቲም 16 ዶላር ከ80 ይሆናል። እኔ የምቀበለው 15 ነበር። ያን ማታ በጣም አዘንኩ። ልጁን ለማስጠናት ከኪሴ እየጨመርኩ ነበር ማለት ነው።

25 ዶላር ብጠይቅስ ብዬ አሰላሁ። ከመኪናው ወጪ በኋላ 8 ዶላር ከ20 ይተርፋል። ለሁለት ሰዓት ከ10 ሲካፈል በሰዓት 4 ዶላር አይሞላም። 40 ስጠይቅ 11 ዶላር አይደርስም። የሜሪላንድ ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ከ2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ሰው ቤት ድረስ ሄጄ 15ን ለማለፍ 50 ዶላር መጠየቅ ነበረብኝ። ታክሱ ገና ሳይነሳ ማለት ነው።

ቀጥሎ በዙም የማስጠናውን አሰላሁ። መንገድ የለም። አንድ ሰዓት ትምህርት፣ 20 ደቂቃ ዝግጅት። 30 ዶላር ብቀበል በሰዓት 22 ዶላር ከ50 ይደርሰኛል። ለቤተሰቡም ረከሰ፣ ለእኔም ተሻለ። ዛሬ ዋጋዬ ይኸው ነው። ቤታቸው ከሄድኩ 50፣ ሰፈሬ ባለው ቤተ መጻሕፍት 35፣ በዙም 30። ቤተ መጻሕፍት ካሰብሽ ግን አስቀድመሽ ጠይቂ። በክፍያ ማስጠናትን ሁሉም አይፈቅዱም። እነዚህ የእኔ ቁጥሮች ናቸው። ያንቺ መንገድ ሌላ ነው፣ ያንቺም ዋጋ ሌላ ሊሆን ይችላል። አሰላሉን ግን ውሰጂው።

ታክሱን ደግሞ አትርሺ። ተቀጥረሽ ስትሠሪ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬሩን (የጡረታውንና የአረጋውያን ሕክምናውን) መዋጮ ግማሽ አሠሪሽ ይከፍላል። በራስሽ ስትሠሪ ሁለቱም ግማሽ ያንቺ ነው፣ ተደምሮ 15.3 በመቶ። በዓመት ከማስጠናት ያገኘሽው የተጣራ ገቢ 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ አለብሽ። የገቢ ታክሱ ከዚህ ሌላ ነው። አንቺ የቀን ሥራ ስላለሽ አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሥራ ቦታሽ ደብልዩ-4 ቅጽ ላይ ከደመወዝሽ ጨመር አድርገው እንዲቆርጡልሽ ማድረግ ትችያለሽ። ያኔ በየሩብ ዓመቱ ለብቻው ከመክፈል ሊያድንሽ ይችላል። የነዳሽውን ማይልም በቀኑ ጻፊው። የትኛው ጉዞ እንደ ወጪ እንደሚያዝልሽ ታክስ የሚሠራልሽ ሰው ይነግርሻል። እኔ ከምቀበለው ከእያንዳንዱ 4 ዶላር አንዱን ለብቻው አስቀምጣለሁ።

ይህን የሚያነቡ በተማሪ ቪዛ ወይም በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ያላችሁ ልጆች፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። በእጅ የሚሰጥ ገንዘብም ሥራ ነው። ፈቃዳችሁ የማይሸፍነውን ሥራ መሥራት ወረቀታችሁን ሊያበላሽ ይችላል። ለ30 ዶላር ብላችሁ እዚህ ውስጥ አትግቡ። መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ጠይቁ።

ወደ አማርኛው ልምጣ። ብዙ ሰው "አማርኛማ የምንናገረው ቋንቋ ነው" ብሎ ከሒሳብ በታች ያደርገዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። አልጀብራ ስታስጠኚ የልጅቷ መጽሐፍ አለ፣ የአስተማሪዋ ወረቀት አለ። አማርኛ ስታስተምሪ ግን ሁሉንም የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው። በሳምንት አንዴ ለሚማር፣ ቤቱ በእንግሊዝኛ ለሚያወራ ልጅ ይህ ቀላል አይደለም። በየሳምንቱ ካርድ መቁረጥ አለ፣ ለዕድሜው የሚሆን ታሪክ መፈለግ አለ። "ቤተ ክርስቲያን በነፃ ያስተምሩ የለ?" የሚልሽ አይጠፋም። አዎ፣ ያስተምራሉ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው። እነሱ አገልግሎት ብለው የገቡበት ነው፣ ብዙ ልጆችም አንድ ላይ ናቸው። አንቺ ለአንድ ቤት ልጆች ብቻ ተዘጋጅተሽ ነው የምትቀርቢው። ዋጋሽ ከሒሳቡ እንዳያንስ። ልጆቹ ትንንሾች ከሆኑ ግን አንድ ሰዓት አይችሉም። 40 ደቂቃ አድርጊውና በዚያው ልክ ቀንሺ።

አፕ ላይ ልመዝገብ ካልሽ ድርሻቸውን አስቀድመሽ እወቂ። ፕሪፕላይ ላይ ከአዲስ ተማሪ ጋር የምታደርጊው የመጀመሪያው ትምህርት ክፍያ ሙሉ በሙሉ የኩባንያው ነው። ከዚያ በኋላ ድርሻቸው ከ33 በመቶ ይጀምርና የሠራሽው ሰዓት ሲበዛ እስከ 18 በመቶ ይወርዳል። ተማሪ ለሌለው ሰው ጥሩ መነሻ ነው። አንቺ ግን ሁለት ቤተሰብ በራቸውን ከፍተው እየጠበቁሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ ልንገርሽ፣ እኛ ሰዎች ዘንድ ብቻ ያለ ነገር ነው። ቡናው። ትምህርቱ ሲያልቅ "እንዴት ቡና ሳትጠጣ ትሄዳለህ" ይባላል። ምሳ ይቀርባል። ፍቅር ነው፣ ደስ ይላል። ግን አንዱ ሰዓት ሦስት ይሆናል፣ ቀጥሎ የሚጠብቀኝ ልጅም አለ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው፦ "የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ቡናውን አብረን እንጠጣለን፣ በሌላው ቀን ግን ቶሎ ልሂድ።" ማንም አልተቀየመኝም። እንዲያውም ያቺ ቅዳሜ ስለ ልጃቸው በሰፊው የምንነጋገርባት ቀን ሆነች።

ክፍያን በተመለከተ የአራት ትምህርት አስቀድመው እንዲከፍሉ አድርጊ፣ በዜልም (በባንክ የስልክ ማስተላለፊያ) ይሁን በካሽ። አንድ ቤተሰብ "በሚቀጥለው ሳምንት" እያሉ ሦስት ወር አስጠንቼላቸው ገንዘቡም ቀረ፣ ሰላምታችንም ቀዘቀዘ። ያዘንኩት ግን በሰላምታው ነው። ቀጠሮ ሲሰረዝም ከአንድ ቀን በፊት ከነገሩኝ አላስከፍልም። በር ላይ ቆሜ "ዛሬ ልደት አለባት" ካሉኝ ግማሹን አስከፍላለሁ። ልጅ ከታመመ አንድም ሳንቲም አልወስድም።

የመጀመሪያዋን ግማሽ ሰዓት በነፃ አድርጊያት። ልጅቷ የተፈተነቻቸውን ወረቀቶች ይዛ ትምጣ። አልጀብራ ከበዳት የተባለች ልጅ ብዙ ጊዜ የከበዳት ክፍልፋይና የነጌቲቭ ቁጥር ነው። ያንን ካየሽ በኋላ ለእናቷ "ይህን ያህል ሳምንት ይፈልጋል" ብለሽ መንገር ትችያለሽ። ወላጅ ከዋጋው እኩል ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። በጋውን ደግሞ አስቢበት። ጁን አጋማሽ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ተማሪውም ይጠፋል። በወር ይህን አገኛለሁ ብለሽ የቤት ኪራይ ላይ አትቁጠሪው።

መልስ፦ ከሃያትስቪል፣ ሜሪላንድ

መምህር፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው። እኔ ግን የወላጅን ወገን ልናገር። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው የምሠራው፣ በሰዓት 18 ዶላር ነው። 50 ዶላር ለእኔ ሦስት ሰዓት ገደማ ሰው ማንሳትና ማጠብ ነው። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባለፈው ዓመት አንድ ዘመድ "ችግር የለም፣ በነፃ አስጠናታለሁ" አለን። ለሁለት ወር መጣ። ከዚያ መቅረት ጀመረ። በነፃ ስለሆነ ለምን ቀረህ ማለት አፈርኩ። እሱም ደክሞኛል ማለት አፈረ። ልጄ ፈተናዋን ሳታልፍ ቀረች፣ እኛም መደዋወል አቆምን። ትንሽ ከፍዬ ልጠይቀው የምችለው ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እህቴ፣ ዋጋሽን ንገሪን። ከአቅማችን በላይ ከሆነም እንንገርሽ። ብቻ አትፈሪን።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

እናቴ፣ እንዲህ በግልጽ ስለተናገሩ አመሰግናለሁ። አቅም ሲያጥር እኔ መጀመሪያ የምቀይረው አሠራሩን ነው፣ ዋጋውን የምነካው ከዚያ በኋላ ነው። ተመሳሳይ ክፍል ያለች ጓደኛ ካለቻት ሁለቱን በዙም አንድ ላይ አስጠናለሁ፣ ለእያንዳንዳቸው 18 ዶላር። ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ እንገናኛለን፣ በመካከሉ ካን አካዳሚ የሚባለው የትምህርት ድረ ገጽ ላይ የምትሠራውን እሰጣታለሁ፤ እሱ ነፃ ነው። ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም በካርዱ ብቻ የኦንላይን አስጠኚ ያገናኛሉ፣ ሰፈርዎ ያለውን ይጠይቁ። ከትምህርት በኋላ የሚቆዩ አስተማሪዎችም አሉ። እኛ አገር አስተማሪን ማስቸገር ነውር ስለሚመስለን ልጆቻችን አይሄዱም። እዚህ ግን ልጅቷ ስትመጣላቸው ደስ ነው የሚላቸው።

እኔ ሁልጊዜ አንድ ልጅ በነፃ አስጠናለሁ። ከአንድ በላይ አልችልም። ያንን ልጅ ሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ካልኩ ሰኞ 12 ሰዓት እገኛለሁ፣ እንደሚከፍለው ልጅ። ዘንድሮ ቦታው ክፍት ነው። በግል ይጻፉልኝ።

መልስ፦ ከለንደን

እዚህ እንግሊዝ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በታክስ ዓመቱ፣ ማለትም ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5፣ በራሳችሁ ሥራ የምታገኙት ጠቅላላ ገቢ እስከ 1,000 ፓውንድ ድረስ ከሆነ ከታክስ ነፃ ነው። ካለፈ ኤች ኤም አር ሲ (የእንግሊዝ ግብር መሥሪያ ቤት) ዘንድ መመዝገብ አለባችሁ። ወላጆች ደግሞ ዲ ቢ ኤስ የሚባለውን የወንጀል መዝገብ ማጣሪያ ይጠይቃሉ። መሠረታዊውን በራሳችሁ ማውጣት ትችላላችሁ። እኔ ካወጣሁ በኋላ ዋጋዬን ስናገር ድምፄ እንኳ ተለወጠ።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂንያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወረቀት አውጥቼ አሰላሁ። አንደኛው ቤት ከእኔ አምስት ደቂቃ ነው፣ ሌላው ግን ሩቅ ነው፣ ማናሳስ። ትናንት ለሁለቱም ደወልኩ። ለአልጀብራዋ 35፣ ቤታቸው ድረስ። ለማናሳሶቹ አማርኛውን በዙም፣ 40 ደቂቃ በ25። የአልጀብራዋ እናት ወዲያው እሺ አለችኝ። የማናሳሱ አባት "ከባለቤቴ ጋር ልማከር" ብሎ ማታ ደወለ፣ "ቅዳሜ ጠዋት ይሁንልን" አለኝ። አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። በዙም ፊደል ስታስጽፉ ልጁ የሚጽፈውን እጅ እንዴት ነው የምታዩት? ስልኩን ከላይ ማቆም ነው ወይስ ሌላ መላ አላችሁ?