ማንጎዬ እየጠቆረ ነው፣ የጦስኝ ዘይት ልርጨው?

ጠያቂ፣ ኮምቦልቻ፦
ጀመዓው ቶሎ ድረሱልኝ! ትናንት ደህና የነበረ ማንጎ ዛሬ ሳጥኑን ስከፍት ጥቁር ነጠብጣብ ወጥቶበታል። አንዳንዱ ላይ ነጥቡ ተገጣጥሞ ጎድጎድ ብሏል። ነገ ጠዋት ወደ ደሴ መጫን አለበት። የጦስኝ ዘይት ሻጋታ ይገድላል ሲሉ ሰምቼ አንድ ጠርሙስ ገዛሁ። በውሃ በጥብጬ ልርጨው? ስንት ጠብታ?

ሆጤ፦
አብሽሪ እህቴ። የጠቆረውን ቶሎ ለይተሽ አውጪ።

የእፅዋት መምህር፦
ይሄ አንትራክኖዝ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ይመስላል። በሽታው ሳጥን ውስጥ አልጀመረም። ፈንገሱ ፍሬው ገና ዛፍ ላይ ጥሬ ሳለ በዝናብና በጤዛ ይገባል፤ ልጣጩ ስር ተኝቶ ይቆይና ፍሬው ሲበስል ይነሳል። ትናንት ደህና የመሰለሽ ለዚህ ነው። ጦስኝ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል የፈንገሱን የሕዋስ ሽፋን ያበላሻሉ። የቅርንፉድ ኦይጀኖልም እንደዚያው። ግን ላይ ላዩን ያለውን ነው የሚያገኙት፤ ውስጥ የገባውን ነቅለው አያወጡም።

ሰኞ ገበያ፦
እኔም የምልሽ የጠቆረውን ለይ ነው። ጦስኙን ለሻይ ተዪው 😄 ደሴ ብርድ ስለሆነ ቀሪው ይቆይልሻል።

ቧንቧ ውሃ፦
ብርዱም ልክ አለው። ያልበሰለ ማንጎ ከ13 ዲግሪ በታች ብርድ ይመታዋል፣ ፍሪጅ እንዳታስገቢው። ደግሞስ የገዛሽው ምን ዘይት ነው? ከጦስኙ በእንፋሎት የወጣ ነው ወይስ ቅጠሉ ምግብ ዘይት ውስጥ የተዘፈዘፈ? ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣይ። ደርቆ የቅባት እድፍ ከቀረ የተቀላቀለ ነው።

ጠያቂ፦
እድፍ የለውም። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ውሃ ላይ ግን ተንሳፈፈ።

ቧንቧ ውሃ፦
ዘይትና ውሃ አይዋሃዱም። እንዲሁ ከረጨሽው አንዱ ፍሬ ላይ ተከማችቶ ልጣጩን ያቃጥለዋል፣ ሌላውን ሳይነካው ያልፋል። መሞከር ከፈለግሽ ክዳን ያለው ባልዲ ውስጥ ጥቂት ማንጎ አድርጊ፣ ጥጥ ላይ ጠብ አድርገሽ ፍሬውን ሳይነካ አሳድሪው። የሚሠራው ትነቱ ነው። ጭነቱን በሙሉ ግን በዚህ አታስይዢ።

ለዛሬ ማታ የሚያዋጣሽ ሙቅ ውሃ ነው። ነጥብ ያልወጣበትን ጠንካራ ጠንካራውን ለይተሽ 52 ዲግሪ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ንከሪው። ሙቀቱ ልጣጩ ስር የተኛውንም ይደርስበታል። ከዚያ ጥላ ላይ ዘርግተሽ በደንብ ይድረቅ። እርጥቡን እንዳትጭኚው።

አራዳ፦
አክስቴ የፈላ ውሃ ከቀዝቃዛ ጋር እኩል እኩል ትቀላቅልና ትነክራለች። መለኪያ ምን ያደርጋል?

የእፅዋት መምህር፦
እኛ አገር ከፍታው ብዙ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል። ማንጎው ሲገባም ውሃው ይቀዘቅዛል። ከ55 ካለፈ ልጣጩ ይቃጠላል፣ ከ50 ከወረደ ፈንገሱ ይተርፋል። በግምት አይሆንም።

ጠያቂ፦
የልጆች ትኩሳት መለኪያ አለኝ፣ ይሆናል?

ቧንቧ ውሃ፦
አይሆንም፣ እሱ 42 ላይ ያበቃል። ወተት የሚያቀነባብሩ ሰዎች ጋ የሚሆን መለኪያ አይጠፋም፣ ሳይመሽ ጠይቂ።